መኪናዋ በዕድሩ ድንኳን

የነገሌ ሰው አፉ አይጣል ነው። አንዴ ስም ካወጣልህ አለቀልህ፣ ይዘኸው ትቀበራለህ። ዙለይካንም ሙሽራ ሆና በገባችበት ቀን «የበቆሎዋ ሙሽራ» አላት፤ ልጅ ወልዳ አሳድጋ፣ ፀጉሯ ሸበት ጣል አድርጎበትም ስሙ አልለቀቃትም። እሷ እንኳ ከሰው ጋር አብራ ትስቃለች። ባሏ ሳላሃዲን ግን አንድም ቀን ስቆበት አያውቅም። ገበያ ውስጥ አንዱ «የበቆሎዋ ሙሽራ እንዴት ናት?» ያለው እንደሆነ የሚለካውን ጨርቅ ያዛባል፤ ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ይገባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳላሃዲን በጉርምስናው ክብረ መንግሥት ወርቅ ፍለጋ ለመጣ አንድ ፈረንጅ ሾፌር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ፈረንጁ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሊሄድ ሲል፣ ለመዝናኛ ያስመጣትን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ከነወረቀቷ ለሳላሃዲን ትቶለት ሄደ። አቤት መኪና! ሁለት በር ብቻ፣ አፍንጫዋ ረዥም፣ ከመሬት ከፍ ያላለች፤ የገባ ሰው ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። አካሏ ደግሞ ብረት አይደለም። ፋይበር ነው፤ የመስታወት ክር በሙጫ ተጋግሮ የተሠራ። ሳላሃዲን ያኔ ልቡ አብጦ፣ የክብረ መንግሥቱን ጉራጌ ነጋዴ ልጅ ዙለይካን አጨና በአባቷና በሽማግሌዎቹ ፊት «ልጃችሁን ነገሌ የማስገባት በዚች መኪና ነው» ብሎ ፎከረ። ማን ፎክር አለው? ዝም ብሎ ቢያገባ ምን ነበረበት!

በሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በሠርጉ ዕለት፣ ዋደራ ሳይደርሱ መንገዱ መሃል የተጋደመ ድንጋይ የመኪናዋን አፍንጫ አገኘው። ብረት ቢሆን ይጨማደድ ነበር። ፋይበር ግን እንደ ገንፎ ማሰሮ ተሰነጠቀ። የራዲያተሩ ውሃ ተንዠቀዠቀ፣ ሞተሩ ግሎ ቆመ፣ ሙሽሪት አዲስ ቀሚሷን ሰብስባ መንገድ ዳር ቆመች። በመጨረሻ በቆሎ የጫነ መኪና መጣ። ጋቢናው ሞልቷል። ምን ይደረግ? ዙለይካን ከነቬሏ አንስተው ከጆንያው ላይ ሰቀሏት። ነገሌ የገባችው በገበያ ቀን፣ የበቆሎ ብናኝና አቧራ ለብሳ፣ ዓይኗ ብቻ እየታየ ነበር። ገበያው መሸጥ መግዛቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

መኪናዋ በኋላ ተጎትታ መጥታ ከግቢው ጥግ ቆመች፤ እነሆ ከሃያ ዓመት በላይ። መካኒኩ ጣዲቻ የሳላሃዲን የልብ ወዳጅ ነውና የቶዮታ ሞተር ገጥሞላት ትነሳለች፤ ሞተሩስ ይነሳል። መልኳ ነው የጠፋው። አፍንጫዋ ላይ ቆርቆሮ ተመትቶባታል፣ ቀለሟ እንደ እከክ ተላልጧል፣ ዶሮዎች ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ሳላሃዲን በየዓመቱ «ዘንድሮ ቀለም እቀባታለሁ» ይላል። ዘንድሮ መጥቶ ይሄዳል። አንዴ ዙለይካ ተናዳ ቆራሌ ጠራች። ቆራሌው ማግኔቱን አውጥቶ ኮፈኑ ላይ አስጠጋ፤ አልያዘም። በሩ ላይ አስጠጋ፤ አልያዘም። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ብረት አይደለም፣ ምን ላድርገው?» ብሎ እየሳቀ ወጣ።

«አላህ ያሳይህ!» አለች ዙለይካ ለባሏ። «የሰው ባል ሁለተኛ ሚስት ያገባል። የኔው ቆራሌ እንኳ የማይወስዳትን አገባ!»

ታዲያ ልጃቸው ሙኒራ ታጨች። ሠርጉ እዚያው ግቢ ውስጥ ሊሆን ነው፤ እንግዳው ብዙ፣ ግቢው ጠባብ። ዙለይካ ወገቧን ይዛ መኪናዋ ፊት ቆመችና ቁርጡን ተናገረች።

«የሙኒራ አባት፣ ስማኝ። ይህቺ ነገር ከልጄ ሠርግ በፊት በራሷ ጎማ ካልወጣች በመጋዝ ተቆርጣ ትወጣለች። ወላሂ አልምርህም።»

ሳላሃዲን ራሱን ነቀነቀ። ዙለይካ ያልገባት ነገር አለ። ሰውዬው መኪናዋን የሙጥኝ ያለው ለመኪናዋ ብሎ አይደለም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ዙለይካን ከክብረ መንግሥት አንስቶ በዚያች መኪና ነገሌ ሊያስገባ ነው። ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ለሷም ቢሆን። ፎክሮ ስለተዋረደ ሁለተኛ መፎከር ፈርቷል። አሁን ግን መጋዙ መጣ። መኪናዋ ከተቆረጠች ያ ቀን እስከ ወዲያኛው አይመጣም።

ሐዋሳ ወርዶ የአይሱዙ መከላከያ ከሚጠግኑ ልጆች ዘንድ በጄሪካን ሙጫ፣ ማድረቂያውንና ጥቅል የመስታወት ክር ይዞ ተመለሰ። አሠራሩንም አሳዩት፤ ክሩን ታነጥፋለህ፣ ሙጫውን ከማድረቂያው ጋር በጥብጠህ ታጠጣዋለህ፣ ይደርቃል። ቀላል ነው አሉት። ሐዋሳ ቀላል ነው! ነገሌ ፀሐይ ላይ ግን የመጀመሪያው ሙጫ ብሩሹን ሳያነሳ እጣሳው ውስጥ ድንጋይ ሆነ፣ ጣሳውም ጨሰ። ከዚያ ወዲያ ጎሕ ሲቀድ፣ አየሩ ሳይግል ነው የሚሠራው። ቆርቆሮውን ነቀለ፣ የተሰነጠቀውን አፍንጫ አስተካክሎ ክሩን አነጠፈ፣ አጠጣ። ደረቀ። ቢያንኳኳው ቋ ቋ ይላል። አፍንጫዋ ተመለሰላት! ሳላሃዲን ከደስታው ብዛት ዶሮዎቹን «ከእንግዲህ ቤት ፈልጉ» አላቸው።

ክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ግድ የለም፣ ከእንግዲህ ቀለም ነው የቀረው ብሎ ተጽናና።

አሮጌው ቀለም መነሳት አለበት። እንግዲህ ነገሌ ውስጥ የመኪና ቀለም እንዴት እንደሚነሳ የማያውቅ የለም፤ በጋዝ እሳት ትለበልበዋለህ፣ ያብጣል፣ በመላጫ ትገፈዋለህ። አይሱዙውም ሚኒባሱም እንዲሁ ነው የሚላጠው። ሳላሃዲን ከጣዲቻ ጋራዥ የጋዙን እሳት ተውሶ መጣ። ጣዲቻም ምን ልትለበልብ ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲለበልብ የኖረ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ሳላሃዲን «ቢስሚላህ» ብሎ ኮፈኑ ላይ ለኮሰ።

ቀለሙ ማበጥ ሲገባው ኮፈኑ ራሱ ፈላ። ጥቁር ጭስ ቡልቅ አለ። ደንግጦ እሳቱን ሲመልስ ጊዜው አልፏል፤ በውሃ ሲያጠፋው ኮፈኑ መሃል ትሪ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ቁልጭ ብሎ ታየ። በቀዳዳው ውስጥ የቶዮታው ሞተር አፍጥጦ ያየዋል።

ጣዲቻ የጭሱን ሽታ ተከትሎ እየሮጠ ገባ።

«አካም፣ አባ ሙኒራ? ናጋ ነው? ምንድን ነው የሚጠበሰው?» አለና ኮፈኑን ሲያይ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ያ ዋቅ! ፋይበሩን ለበለብከው? ይሄ እኮ ይቃጠላል!»

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«እኔስ አሁን አይደል ያወቅሁት!»

ዙለይካ ከቤት ወጣች። ቀዳዳውን አየች፣ ባሏን አየች። «እሰይ፣» አለች፣ «መጋዙንም ገላገልከን። በዚያው ጨርሰው።» ይህን ብላ ልትመለስ ስትል ሳላሃዲን መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትልቅ ሰው፣ የሱቅ ባለቤት፣ ሽማግሌ ተብሎ ለዕርቅ የሚጠራ ሰው፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ጣዲቻ ነገሩ ሲከብደው ጎማ የሚያይ መስሎ ወደ ኋላ ዞረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?» አለች ዙለይካ ድምፅዋ ለስልሶ። «ለመኪና ነው እንዲህ የምትሆነው?»

«መኪናዋን አፈር ይብላት!» አለ ሳላሃዲን። «እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ቀን ነው። አባትሽ ፊት በዚች መኪና አስገባታለሁ ብዬ፣ ጆንያ ላይ ሰቅዬ አመጣሁሽ። ሰው ሲስቅብሽ ስንት ዓመት ሰማሁ። አንድ ቀን ከቤታችሁ አንስቼ፣ እንደ ሰው፣ በወንበር ላይ አስቀምጬ ላስገባሽ ነበር። ይኸው ነው። አሁን ቁረጫት።»

ዙለይካ አፏን ይዛ ቆመች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ እንባ መጣባት፤ እንባውን በነጠላዋ ጠርጋ ባሏን ትከሻው ላይ በጥፊ አለችው።

«አንተ ጅል! ይሄን ሁሉ ዓመት ብትነግረኝ ምን አለበት? እኔ እኮ ያ ፈረንጅ መድኃኒት ያዞረብህ ነው የሚመስለኝ!»

ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄደች። የተረፈችውን ብጣሽ የመስታወት ክር ከመሬት አንስታ በጣቶቿ ፈተለቻት፣ ጎተተቻት፣ ወደ ብርሃን ይዛ አየቻት።

«ይሄ ነው ፋይበር የምትሉት?»

«እሱ ነው፤ አልቋል። ሐዋሳ ደርሶ ለመምጣት ደግሞ ጊዜ የለም።»

«ይሄማ ቃጫ ነው፣» አለች ዙለይካ። «የመስታወት ቃጫ። እኛ ደግሞ የእንሰት ቃጫ ሞልቶናል።»

ጓዳ ገብታ ከደጋው ከቦሬ ከቆጮው ጋር የሚመጣላትን የቃጫ ዘለላ አቅፋ ወጣች። ጉራጌ ሆኖ ቃጫ የማያውቅ የለም፤ ዙለይካ ልጅ ሆና ከአያቷ ጋር እንሰት ስትፍቅ ያደገች ናት። ጣዲቻ ግን አልተዋጠለትም። «እቴ፣ ይሄ ገመድ ነው እኮ። መኪና በገመድ ይሠራል?» አላት። «አንተ ደግሞ በእሳት የሚሠራ መስሎህ አልነበር?» አለችው።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። በአሮጌ ሳፋ ቁራጭ ላይ ቃጫ አንጥፈው ሙጫ ቢያጠጡት፣ ነጭ አረፋ ደፍቆ እንደ ቂጣ ሊጥ ለስልሶ ቀረ። ሳላሃዲን ተስፋው ሊቆረጥ ሲል ዙለይካ ቃጫውን ጨበጥ አደረገችና «እርጥበት ይዟል፤ የቦሬን ጉም ነው ይዞ የመጣው» አለች። ቃጫውን በማበጠሪያ አበጥራ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣችው። የነገሌ ፀሐይ ሙጫ ላይ የሠራችውን ክፋት ቃጫው ላይ ካሰችው። ሲነኩት እስኪሰበር ደረቀ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ደግመው ሞከሩ። ሲደርቅ ሳላሃዲን ቁራጩን በሁለት ድንጋይ መሃል አጋደመው፤ ጣዲቻ ጫማውን አውልቆ ወጣበት። አልተሰበረም። ዘለለበት። አልተሰበረም።

«ዋቅን!» አለ ጣዲቻ፣ «ይሄስ ከአይሱዙ ይበልጣል!» ብሎ ወርዶ የዙለይካን እጅ ጨበጠ።

ኮፈኑን እሷው ሠራችው። ሳላሃዲን ሙጫውን ይበጠብጣል፣ ዙለይካ ቃጫውን ቁልቁልና አግድም እያነባበረች ታነጥፋለች፣ ጣዲቻ በብሩሽ ያጠጣል። እሳት የሚባል ነገር ግቢው ደጃፍ አልደረሰም፤ አሮጌውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ፣ በእጃቸው ነው የፋቁት። ሙኒራ ሳትቀር የሙሽራ ጣቷን በጓንት ሸፍና ፈቀፈቀች። ከላይ መድፈኛው ስቱኮ ተቀባ፣ እንደገና ተፈቀፈቀ፣ ኮፈኑ ላይ የነበረውን ቀዳዳ ዓይን ቢፈልገው የማያገኘው ሆነ።

ቀለሙ ላይ ጠብ ሆነ።

«ስፖርት መኪና ቀይ ነው፣» አለ ሳላሃዲን።

«የማን መኪና ናት?»

ሳላሃዲን ትንሽ አሰበ። «ያንቺ።»

«እንግዲያው አረንጓዴ ነው።»

አረንጓዴ ሆነ። ግን ነገሌ ውስጥ ሜዳ ላይ ቀለም እንዴት ይረጫል? ነፋሱ ሲነሳ ቀዩን አቧራ አምጥቶ እርጥብ ቀለም ላይ ከደፋው ሥራው ሁሉ ገደል ገባ። ዙሪያው የተሸፈነ ቦታ ያስፈልጋል። ጋራዦቹ ራሳቸው በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው የሚሠሩት። ሳላሃዲን ግቢውን እየተዘዋወረ ሲያስብ ሲያስብ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር የሚተከለው? ድንኳን! አዎ፣ የዕድሩ ድንኳን! ከላይም ከጎንም የሚሸፍን፣ አቧራ የማያስገባ፣ አይሱዙ የሚያሳድር ድንኳን።

የዕድሩ ሰብሳቢ አባባ ኩራ ናቸው። እኚህ ሰው ድንኳኑን ከልጃቸው አስበልጠው ነው የሚጠብቁት፤ ከሠርግና ከሐዘን በቀር ንቅንቅ አይልም። ሳላሃዲን ቤታቸው ሄዶ ቆብ አውልቆ ቆመ።

«አባባ ኩራ፣ ድንኳኑን እፈልገው ነበር።»

«ለሙኒራ ሠርግ ተፈቅዶልህ የለም እንዴ?»

«ከዚያ በፊት ነው የምፈልገው። ለቀለም።»

«ለምን?» አሉ ሽማግሌው፣ ዱላቸውን ወደ ፊት አምጥተው። «የዕድር ድንኳን ለቀለም? ልጄ፣ አንተ የዕድሩ ሕግ ጠፍቶህ ነው? ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው። ለቅሶ አለህ?»

«አላህ አያምጣው።»

«ከሙኒራ ሌላ ሠርግ አለህ?»

ሳላሃዲን «የለኝም» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ አንድ ነገር ደረቱ ውስጥ ተነሣ፤ ያ የድሮው ፉከራ ነበር፣ አሁን ግን አላፈረበትም። «አለኝ፣» አለ።

«የማን?»

«የኔና የዙለይካ። መንገድ ላይ ተቋርጦብን የቀረ ሠርግ አለን፤ አንቱም ያውቁታል፣ ገበያው ላይ ቆመው አይተዋታል። እሱን ልጨርስ ነው።»

አባባ ኩራ ቀና ብለው አዩት። አስታወሱ። ያኔ ከሳቁት አንዱ እሳቸው ነበሩና ጢማቸውን ማሻሸት አበዙ። «እንግዲያው ሠርግ ከሆነ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ሕጉ ይፈቅዳል። ተካዮቹንም እኔ እልክልሃለሁ።»

ድንኳኑ ተተከለ። ሰፈሩ «ማን ሞተ?» እያለ ሲመጣ በድንኳኑ ውስጥ መኪና አገኘ። ግቢው ውሃ ተርከፍክፎ አቧራው ተኛ፣ የጎኑ መጋረጃ በድንጋይ ተያዘ፣ ጣዲቻ ኮምፕሬሰሩን በባጃጅ ጭኖ አመጣ። ሳላሃዲን አፍንጫውን በሻሽ ጠምጥሞ መርጫውን አነሳ። «እኔ ልርጭ?» አለው ጣዲቻ። «ተወኝ» አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳይቆም፣ እንደ ጨርቅ ልኬት በእኩል እጅ ሄደበት። የመጀመሪያው ሲያርፍ ሁለተኛውን ደረበ፣ ሁለተኛው ሲያርፍ ሦስተኛውን። መጋረጃው ሲገለጥ ከውጭ የሚጠብቀው ሰው በአንድ ጊዜ «እህ!» አለ። ዝናብ ያገኘ የቦረና ሜዳ እንዴት ነው? እንደዚያ አረንጓዴ። ሰው ፊቱን እየቀረበ ኮፈኑ ላይ አየ። ዙለይካም ቀርባ አየች፤ ከራሷ መልክ ሥር የገዛ ቃጫዋ እንዳለ ከቤተሰቡና ከጣዲቻ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የድንኳኑ አንድ ጥግ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል፤ አባባ ኩራ አይተው እንዳላዩ አለፉት።

ከዚያ ዙለይካ ነገሩን በወጉ ያዘችው። «ከግቢዬ ተነስቼ ግቢዬ አልገባም፣» አለች። የሙኒራ ሠርግ ሳይደርስ አንድ ቀን በሚኒባስ ክብረ መንግሥት ሄዳ እወንድሟ ቤት አደረች። ሳላሃዲን በነጋታው ብቻውን እየነዳ ደረሰ። ወንድምየው በር ላይ ቆሞ «ይቺ መኪና ዛሬም አለች?» ብሎ ጮኸ። ዙለይካ ሒና ሞቃ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ሳላሃዲን በሩን ከፈተላት፤ ጎንበስ ብላ ገባች፣ እግሯን ዘርግታ ተመቻቸች።

አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፤ ቢሆንም ዋደራ ሊደርሱ ሲሉ ሳላሃዲን ላብ አጠመቀው። ሁለት እጁን መሪው ላይ ገትሮ፣ ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነዳ። ዙለይካ አየችው። ሒና የሞቀ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈችለት። ያ ቦታ አለፈ። ኮፈኑ ንቅንቅ አላለም፣ ሞተሩ አልጋለም። «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ሳላሃዲን የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፉ መታ፤ ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

ነገሌ መግቢያ ላይ ሙኒራ ያስተባበረቻቸው ባጃጆች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ገና አረንጓዴው ብልጭ ሲል ጡሩምባው አገር ምድሩን አናወጠው። ሴቶቹ እልል አሉ። አባባ ኩራ ዱላቸውን ወደ ላይ አንስተው «መጡ! መጡ!» ይላሉ። ጣዲቻ ባጃጅ ላይ ቆሞ «ቃጫ ነው! ኮፈኑ ቃጫ ነው!» እያለ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይናገራል። ገበያው ሸቀጡን ትቶ መንገድ ዳር ወጣ። ዙለይካ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ ቀና ብላ፣ ግራና ቀኙን እያየች እጇን ታውለበልባለች። ሳላሃዲን ከጎኑ ሰረቅ አድርጎ አያት። እንደዚያ ቀና ብላ አይቷት አያውቅም። ዓይኑ እንባ ሞልቶ መንገዱ ድፍን አለበት፤ ቢሆንም ነዳ።

ወደ ቤት መታጠፊያው ሲደርስ መሪውን ሰበር አደረገ።

«ወዴት ነው?» አለች ዙለይካ።

«ወደ ቤት ነዋ። አስገባሁሽ እኮ።»

«ማን ልግባ አለህ? አንዴ አዙረኝ።»

አዞራት። በገበያው፣ በመናኸሪያው፣ በወታደር ካምፑ በኩል ዞረው ተመለሱ፤ ባጃጆቹ ከኋላ ናቸው። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ «ድገመኝ» አለችው። ደገማት። ሰዉ አሁንም እንደቆመ ነው፤ የመጀመሪያውን ዙር ያላየው ለሁለተኛው ሮጦ ደርሷል። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሳላሃዲን ነዳጅ መለኪያውን አይቶ ደነገጠ።

«ዙሌ፣ ነዳጁ ሊያልቅ ነው።»

ዙለይካ ነጠላዋን አስተካክላ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች።

«ይለቅ፤ ካለቀ ሰዉ ይገፋናል። አንተ ንዳ!»